እማዬ ሲፕሮ ከጀመረች ወዲህ ሌሊት ላብ ያጠምቃታል፤ ከስኳር ክኒኗ ጋር ይጋጭ ይሆን?

የሽሮሜዳ ልጅ (ረቡዕ፣ ጠዋት 1፡40)

ሰላም ለዚህ ቤት። ጨንቆኝ ነው የምጽፈው፤ ትንሽ ይረዝማልና ታገሱኝ።

እማዬ 67 ዓመቷ ነው። ስኳር ካለባት ቆየች። ጠዋትና ማታ ከምግብ በፊት ግሊቤንክላማይድ ትወስዳለች፤ ቤት ውስጥ ሁላችንም ዳኦኒል ነው የምንለው። ከዚያ ሌላ ካልሲየም አለ። «ደምሽ አነስ ብሏል» ተብላ የምትውጠው አይረን አለ። ለጨጓራዋ ደግሞ የሚታኘከው ነጭ ክኒን ከቦርሳዋ ጠፍቶ አያውቅም።

እሁድ ዕለት ሽንቷን ሲያቃጥላት፣ ጎኗን ሲወጋትና ብርድ ብርድ ሲላት አንድ ክሊኒክ ወሰድናት። ሽንቷ ታየና «ኢንፌክሽን ነው» ተባለ። ሲፕሮፍሎክሳሲን (ሲፕሮ) የሚባለው አንቲባዮቲክ፣ ባለ 500 ሚሊግራሙ፣ በቀን ሁለቴ ለ7 ቀን ታዘዘላት። ሐኪሙ ደግ ሰው ነበር፤ ወረፋው ግን እስከ በር ድረስ ነው። «ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» አላላትም። እኛም አልነገርነውም።

ዛሬ አራተኛ ቀኗ ነው። ትኩሳቱ ይተዋትና ከሰዓት ተመልሶ ይመጣል። ትናንት ሌሊት 6 ሰዓት ገደማ ደግሞ ላብ በላብ ሆነች፣ እጇ ተንቀጠቀጠ፣ ስታናግረኝ ቃል ይምታታባታል። እኛ «ትኩሳቱ እየወጣላት ነው» ብለን ደስ ብሎን ነበር። ጎረቤታችን ገብታ ስታያት «ሻይ በስኳር አጠጫት» አለችኝ። አንድ ብርጭቆ ጠጥታ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ሰው ሆነች።

አሁን ተኝታለች። ሲፕሮውን ላቁምባት? ወይስ ልቀጥል?

ፋርማሲስቱ ከሜክሲኮ (ረቡዕ፣ ጠዋት 1፡52)

እህቴ፣ ሌላው ይቆይ። አሁኑኑ ቀስቅሻቸው። የስኳር መለኪያ ካለ ለኪ። ከ70 በታች ከሆነ ማር ወይም ስኳር በውሃ በጥብጠሽ ስጪያቸው፣ ከዚያ ምግብ ይብሉ። የጠዋቱን ዳኦኒል እንዳትሰጪያቸው። ቁጥሩን እዚህ ጻፊልኝ።

የሽሮሜዳ ልጅ (ረቡዕ፣ ጠዋት 2፡05)

58 ነው! ማር ሰጠኋት። አሁን ዳቦ እየበላች ነው። ታወራኛለች፤ እንዲያውም «ምን ሆናችሁ ነው» እያለች ትቆጣኛለች።

ፋርማሲስቱ ከሜክሲኮ (ረቡዕ፣ ጠዋት 2፡11)

ከተቆጡማ ጥሩ ነው። አሁን ግን ሆስፒታል ይዘሻቸው ሂጂ፤ ቆይ ነገ አትበይ። ግሊቤንክላማይድ ሰውነት ውስጥ የሚቆይ መድኃኒት ነው። ማሩ ሲያልቅ ስኳሩ ተመልሶ ሊወርድ ይችላል። ስትሄጂ የመድኃኒቶቹን ስም በቃልሽ ለመያዝ አትሞክሪ። ቤት ያለውን ክኒን በሙሉ፣ የሚታኘከውንም የተረፈውንም፣ በፌስታል ይዘሽ ሂጂ።

አንድ ጥያቄ መልሺልኝና ውጪ፦ ሲፕሮውን የሚወስዱት ስንት ሰዓት ነው? ከምን ጋር?

የሽሮሜዳ ልጅ (ረቡዕ፣ ጠዋት 2፡15)

ጠዋት ሁሉንም አንድ ላይ ነው የምትውጠው፣ ካልሲየሙንም አይረኑንም። ባዶ ሆድ እንዳይጎዳት ብዬ በወተት ነው የምሰጣት። ማታ ግን ሲፕሮና ዳኦኒል ብቻ ነው፣ በውሃ። ከታመመች ወዲህ ራት አልበላ ብላለች፤ ሁለት ጉርሻ ነው። ታክሲ መጣ፣ ሄድኩ።

ቆፍጣናው (ረቡዕ፣ ጠዋት 3፡00)

ይቅርታ አድርጉልኝና ሲፕሮን እንዲህ ማስፈራሪያ አታድርጉት። እኔ ታይፎይድ በያዘኝ ቁጥር ሲፕሮ ነው የምወስደው። ሳልም ሲይዘኝ እሱን ነው የምገዛው። ምንም ሆኜ አላውቅም። ፈረንጅ ወረቀቱ ላይ የማይጽፈው ነገር የለም።

ጋሽ አቦል (ረቡዕ፣ ጠዋት 3፡20)

እኔ ያልገባኝ አንድ ነገር አለ። ፋርማሲስቱ ስለ ወተቱ ሲጠይቅ መድኃኒቱ አልሠራ ብሎ ይሆናል ብዬ ጠረጠርኩ። ታዲያ ካልሠራ እንዴት አድርጎ ስኳር ያወርዳል? ወይ ይሠራል፣ ወይ አይሠራም። ሁለቱንም ባንድ ጊዜ እንዴት ይሆናል?

ፋርማሲስቱ ከሜክሲኮ (ረቡዕ፣ ጠዋት 4፡10)

ጋሼ፣ ጥያቄዎ ቆንጆ ነው። የነገሩ ቁልፍም እዚያ ላይ ነው ያለው።

የጠዋቱንና የማታውን ለየብቻ ይዩዋቸው። ጠዋት ሲፕሮው ከካልሲየም፣ ከአይረንና ከወተት ጋር ነው የገባው። ሲፕሮ ካልሲየም፣ አይረን፣ ዚንክ፣ ማግኒዥየምና አሉሚኒየም ሲያገኝ ሆድ ውስጥ ይጣበቅባቸዋል። አንዴ ከተጣበቀ አንጀት አይመጠውም። ብዙው እጅ ደም ሳይደርስ በሰገራ ይወጣል። ያ የሚታኘከው የጨጓራ ክኒንም ውስጡ ማግኒዥየምና አሉሚኒየም ነው፤ ያው ጠላት ነው። ስለዚህ የጠዋቷ ክኒን ብዙም አልሠራች ይሆናል። ተህዋሲው ግማሽ ቀን እረፍት ያገኛል። ትኩሳቱ ከሰዓት የሚመለሰው በዚህም ሊሆን ይችላል። ተህዋሲው ሲፕሮን የለመደ ሆኖም ሊሆን ይችላል፤ ያንን የሚለየው የሽንት ካልቸር፣ ማለትም ተህዋሲውን አሳድጎ የሚያይ ምርመራ ነው።

ማታ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። በውሃ ስለተወሰደ ሙሉው ይገባል። ሲፕሮና የስኳር ክኒን፣ በተለይ እነ ግሊቤንክላማይድና ግሊሜፒራይድ፣ ሲገናኙ ስኳርን ከልክ በታች ሊያወርዱ ይችላሉ። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ቁጥጥር በሐምሌ 2018 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ማስጠንቀቂያ አጠናክሮ ነበር። ከስኳር ማነስ የተነሳ ራስን ስቶ ኮማ ውስጥ መግባት እንዳለ፣ ይበልጥ የሚጋለጡትም በዕድሜ የገፉና የስኳር ክኒን የሚወስዱ እንደሆኑ ነው ያስጠነቀቀው። እናታችን ሁለቱንም ናቸው። በዚያ ላይ ራት ሁለት ጉርሻ። ዳኦኒል ውጦ አለመብላት ብቻውንም ስኳር ይጥላል። ሲፕሮው በላዩ ሲመጣ አስቡት።

ጠዋት አልሠራም፣ ማታ ደግሞ ከሚፈለገው ሌላ ሠራ። አንድ ክኒን ነው ግን።

ጋሽ አቦል (ረቡዕ፣ ጠዋት 4፡25)

አሁን ገባኝ። ተባረክ።

ነርስ ከሲልቨር ስፕሪንግ (ረቡዕ፣ ጠዋት 5፡30)

እዚህ ሌሊት ነው፣ ከሥራ አሁን መውጣቴ ነው።

ለቆፍጣናው፦ ሲፕሮ መጥፎ ነው ያለ ሰው የለም። አሜሪካ ውስጥ ከ1987 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ መድኃኒት ነው፤ የስንቱን ሕይወት አትርፏል። አንትራክስ እንኳን በእሱ ይታከማል። ግን አንተ ምንም አለመሆንህ ሌላው ምንም አይሆንም ማለት አይደለም። አንተ ወጣት ትሆናለህ፣ ሌላ መድኃኒት አትወስድም። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ለአንተ ሳይሆን ለጎረቤትህ ሊሆን ይችላል።

ለምሳሌ ሚያስቴኒያ ግራቪስ የሚባል የጡንቻ መድከም በሽታ አለ። የዓይን ቆብ ይወድቃል፣ ማኘክ ይከብዳል፣ ወደ ማታ ይብሳል። እንዲህ ያለበት ሰው ሲፕሮ ቢወስድ ድክመቱ ሊብስ፣ መተንፈስ እስኪያቅተው ሊደርስ ይችላል። በ2011 እ.ኤ.አ. የመድኃኒቱ ወረቀት ላይ በጥቁር ሳጥን ውስጥ የተጻፈ፣ ከሁሉ የጠነከረው ዓይነት ማስጠንቀቂያ ነው። እኔ ራሴ ከመድኃኒት በፊት ስጠይቃቸው «አይ፣ ዓይኔ ብቻ ነው ትንሽ የሚጫነኝ» ያሉኝ ሰው አሉ። የሚወስዱት ክኒን ሲታይ ለዚያው በሽታ የሚሰጥ ሆኖ ተገኘ። ስሙን አያውቁትም ነበር።

የሚጥል በሽታ ላለበትም እንዲሁ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የልብ ምት ችግር ያለበት፣ በተለይ ኤሲጂው (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራው) ላይ «ኪው ቲ ረዝሟል» የተባለ ሰው፣ ለሐኪሙ መናገር አለበት። ከልብ የሚወጣው ትልቁ ደም ስር አብጧል የተባለም ጭምር። ይሄኛው በታኅሣሥ 2018 እ.ኤ.አ. የተጨመረ ነው።

ቆፍጣናው (ረቡዕ፣ ጠዋት 5፡48)

እሺ በቃ ተሸነፍኩ። ሳሉስ ምን ችግር አለው?

ፋርማሲስቱ ከሜክሲኮ (ረቡዕ፣ ቀን 6፡15)

ሳሉ ነው እንዲያውም እኔን የሚያስፈራኝ። ሲፕሮና ዘመዶቹ የቲቢን ባክቴሪያም ትንሽ ይነኩታል። ቲቢ ያለበት ሰው ሲፕሮ ሲወስድ ሳሉ ለሁለት ሳምንት ጋብ ይልለታል፣ «ዳንኩ» ይላል። አክታውም ሲመረመር ላይታይ ይችላል። ከዚያ ይመለስበታል፣ እንደገና ይገዛል። እንዲህ እያለ ምርመራው ወራት ይዘገያል። እሱም ይከሳል፣ ቤተሰቡንም ያስይዛል። እኛ አገር ቲቢ ሩቅ በሽታ አይደለም። ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል ካለህ መጀመሪያ አክታህን አስመርምር፣ ወንድሜ።

ስለ ታይፎይዱም ካነሳኸው፣ «ዊዳል ፖዘቲቭ» (የታይፎይድ የደም ምርመራው) ማለት ሁልጊዜ አሁን ታይፎይድ አለብህ ማለት አይደለም። ዱሮ የያዘህም ሊያሳይ ይችላል። ይሄን ግን ሌላ ክር ላይ ብንጨቃጨቅበት ይሻላል፤ ማለቂያ የለውም።

ከዱባይ (ረቡዕ፣ ከሰዓት 8፡00)

የአጎቴን ልንገራችሁ። አስም አለበት። ሲነሳበት ፕሬድኒሶሎን የሚባል ስቴሮይድ ይወስዳል። ባለፈው ዓመት አገር ቤት ለእረፍት ሄጄ ሳለ ሆዱን አመመውና ከመሳቢያ የተረፈ ሲፕሮ አውጥቶ ዋጠ፤ ማንንም አልጠየቀም። በአምስተኛው ቀን ደረጃ ሲወጣ ከኋላው ተረከዙ በላይ «ጧ» አለ። ሰው በድንጋይ የመታው መስሎት ዞር ብሎ አየ። የተረከዙ ጅማት ተበጥሶ ነበር። ወራት በክራንች ሄደ።

ሐኪሙ ነው በኋላ የነገረን፤ ሲፕሮ ጅማት ያሳሳል፣ ከ60 ዓመት በላይ የሆነና ፕሬድኒሶሎን የሚወስድ ደግሞ ይብስበታል አለን። አጎቴ 63 ነው። አሁን ሲፕሮ የሚለውን ስም ሲሰማ እግሩን ይሰበስባል።

ነርስ ከሲልቨር ስፕሪንግ (ረቡዕ፣ ከሰዓት 8፡40)

እንቅልፍ እምቢ አለኝ፣ ልመልስና ልተኛ። ትክክል ነው። የጅማቱ ማስጠንቀቂያ ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። በተጀመረ በ2 ቀን ሊመጣ ይችላል፣ መድኃኒቱ ካለቀ ከወራት በኋላም ይመጣል። ተረከዝ አካባቢ ማመምና ማበጥ ሲጀምር እግርን አሳርፎ ለሐኪም መደወል ነው። «በመራመድ አፍታታዋለሁ» አይሠራም።

አስም ካነሳህ ቴዎፊሊን ያለበት የአስም ክኒንም አለ። እሱና ሲፕሮ ከተገናኙ ቴዎፊሊኑ ደም ውስጥ ይከማቻል። ልብ ያዘልላል፣ ያስመልሳል፣ እስከ ማንቀጥቀጥ ያደርሳል፣ ሰው የሞተበትም አለ። ለጡንቻ መወጠር የሚታዘዘው ቲዛኒዲን ደግሞ ከሲፕሮ ጋር ጭራሽ ክልክል ነው። ደም ማቅጠኛ ዋርፋሪን የሚወስድ ሰውም ደሙን ቶሎ ቶሎ ማስለካት አለበት፤ ከልክ በላይ ሊቀጥን ይችላል።

ጋሽ አቦል (ረቡዕ፣ ከሰዓት 9፡05)

ቴዎፊሊን የሚባለው ከሻይና ከቡና ዘመድ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። ታዲያ ቡናስ? ስሜን አይታችኋል፤ ፈርቼ ነው የምጠይቀው።

ፋርማሲስቱ ከሜክሲኮ (ረቡዕ፣ ከሰዓት 9፡30)

ጋሼ የፈሩት ደረሰ። ካፌይንና ቴዎፊሊን የቅርብ ዘመዶች ናቸው። ጉበታችን ሁለቱንም የሚያጣራው በአንድ በር ነው። ሲፕሮ ያንን በር ይዘጋዋል። ስለዚህ የጠጡት ቡና ከደም ቶሎ አይወጣም። አቦል ሳይወጣ ቶና ይገባል፣ ቶና ሳይወጣ በረካ ይደርሳል። ልብ ድው ድው ማለት፣ እጅ መንቀጥቀጥ፣ ሌሊቱን ጣራ ሲያዩ ማደር ነው። ለጤነኛ ሰው አይገድልም። አንዷን ስኒ ጠጥተው ቢነሱ ይበቃል።

ለስኳር ሕመምተኛ ግን ሌላ ጣጣ አለው። የስኳር መውረድም ልብ ያስመታል፣ እጅ ያንቀጠቅጣል። «ቡናው ነው» ብሎ ዝም ማለት ይመጣል። በጥርጣሬ ጊዜ መለካት ነው።

ጋሽ አቦል (ረቡዕ፣ ከሰዓት 9፡34)

አንዷን ጠጥቶ መነሳት! በረካ ሳይጠጣ የተነሳ እንግዳ በሰፈሬ ምን እንደሚባል ታውቃለህ?

ጤና አዳም (ረቡዕ፣ ከሰዓት 10፡10)

እኔ ጾም ላይ ነኝ፣ ለኩላሊት ኢንፌክሽን ሲፕሮ ታዞልኛል። ወተት ስለማልጠጣ ነጻ ነኝ ማለት ነው? የምጠጣው የአኩሪ አተር ወተት ብቻ ነው። እስከ 9 ሰዓት ደግሞ አልበላም፤ ባዶ ሆዴን መዋጥ እችላለሁ?

ፋርማሲስቱ ከሜክሲኮ (ረቡዕ፣ ከሰዓት 10፡45)

ሲፕሮ በባዶ ሆድ ይወሰዳል፣ ችግር የለውም። ትንሽ ካቅለሸለሸሽ ከምግብ ጋርም ይሆናል። ውሃ ግን በደንብ ያስፈልገዋል። ስለዚህ እስከ 9 ሰዓት ውሃም የማትቀምሺ ከሆነ ሰዓቱን ከሐኪምሽ ጋር ተነጋገሪ፤ ለነፍስ አባትሽም ብትነግሪ «መድኃኒትሽን ውሰጂ» የሚሉሽ ይመስለኛል።

የአኩሪ አተሩን ካርቶን ገልብጠሽ አንብቢ። ብዙዎቹ ካልሲየም የተጨመረባቸው ናቸው። ከተጨመረበት ለሲፕሮ ያው የላም ወተት ነው። ሽሮና እንጀራ በልቶ መዋጥ ግን ክልክል አይደለም። ችግሩ ወተትን ወይም እርጎን ብቻውን የክኒን መዋጫ ማድረግ ነው።

አይረን ወይም ካልሲየም የምትወስጂ ከሆነ ሒሳቡ ይሄ ነው፦ ሲፕሮ ከእነሱ 2 ሰዓት ቀድሞ፣ ወይም 6 ሰዓት ቆይቶ። ሲፕሮን ጠዋት 1 እና ማታ 1 የሚወስድ ሰው አይረኑን ቀን 6 ሰዓት ላይ ቢውጥ ይስማማል። እኔን ብትጠይቂኝ ግን ሐኪሙ ከፈቀደ ለሳምንት አይረኑን ማስቀመጥ ይቀላል። ሰዓት ቆጥሮ የሚውጥ ሰው ብዙ አላየሁም፤ እኔም ስታመም አልቆጥርም።

የባሕር ዳር ልጅ (ረቡዕ፣ ማታ 12፡20)

ከመጠጥ ጋርስ? ሰርግ አለብኝ።

ፋርማሲስቱ ከሜክሲኮ (ረቡዕ፣ ማታ 12፡50)

ጠጅና ጠላ አትጠጣ ተብሎ በጥብቅ የሚነገርለት ፍላጅል፣ ማለትም ሜትሮኒዳዞል ነው። ካለቀም በኋላ 3 ቀን ያህል ይታገሳል። ሲፕሮ እንደዚያ አይደለም። ግን የታመመ ሰው ሰርግ ላይ ምን ይሠራል?

የሽሮሜዳ ልጅ (ረቡዕ፣ ማታ 2፡30)

ተመለስኩ። እማዬ ተኝታለች፣ ሆስፒታል ናት፣ ደህና ናት። እህቴ አብራት ታድራለች።

ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ ስዘረግፈው ሐኪሟ (ወጣት ሴት ናት) ወንበር ስባ ተቀመጠች። አንድ በአንድ አነበበች። ከውስጡ እኛ የረሳነው ዲክሎፌናክ የሚባል የሕመም ማስታገሻ ወጣ፣ ለጉልበቷ በራሷ የገዛችው። ደሟ ሲታይ ክሬቲኒኗ ከፍ ብሏል፤ ኩላሊቷ ትንሽ ደክሟል አሉን። በዚህ የተነሳ ዳኦኒሉም በደንብ አይወጣላትም፣ ሲፕሮውም መጠኑ መታየት ነበረበት ብላናለች። ዲክሎፌናኩ ደግሞ ኩላሊት ይጎዳል፣ ከሲፕሮ ጋርም አይመከርም ተባለ።

ግሉኮስ ተሰጣት፣ በየሰዓቱ ይለኳታል። ዳኦኒሉ ለጊዜው ቆሟል። የሽንት ካልቸር ተላከ። ሲፕሮው ቀርቶ ሴፍትሪያክሶን የሚባል ሌላ አንቲባዮቲክ በመርፌ ጀመሩላት። እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ አለኝ፦ ይሄኛውስ ከካልሲየም ክኒኗ ጋር ይጣላል?

ፋርማሲስቱ ከሜክሲኮ (ረቡዕ፣ ማታ 2፡48)

እግዚአብሔር ይመስገን። ሴፍትሪያክሶን ሆድ ውስጥ ስለማያልፍ ከሚዋጠው ካልሲየም ጋር አይጣላም። እሱ የሚጣላው በደም ስር ከሚሰጥ ካልሲየም ካለበት ፈሳሽ ጋር ነው፣ እንደ ሪንገር ላክቴት። አንድ መስመር ላይ አይደባለቁም። በተለይ አራስ ሕፃን ላይ በጣም አደገኛ ነው። ነርሶቹ ያውቁታል፤ ብትጠይቂያቸውም አይቀየሙም።

ቆፍጣናው (ረቡዕ፣ ማታ 3፡10)

እንኳን ተረፉልሽ። ነገ ጠዋት አክታ ላስመረምር ነው፤ ሦስት ሳምንት አልፎታል። ሚስቴ ይህን ክር አንብባ ነው፣ እኔ አይደለሁም።

የሽሮሜዳ ልጅ (ዓርብ፣ ጠዋት 4፡00)

ካልቸሩ ገና ነው ግን ትኩሳቱ ከትናንት ጀምሮ አልመጣም። ስኳሯ ዛሬ ጠዋት 131። ሐኪሟ ስትወጣ በዳኦኒሉ ፈንታ ሌላ እናስባለን ብላለች።

እማዬ ይህን ሁሉ ሳነብላት ቆይታ የጠየቀችው አንድ ነገር ነው፦ «ሲፕሮው ከቀረ ቡናው ይፈቀዳል ማለት ነው?» ጋሽ አቦል፣ እርስዎን ነው የምትጠይቀው።

ጋሽ አቦል (ዓርብ፣ ጠዋት 4፡06)

ፋርማሲስቱ መጥቶ እስኪከለክለን ድረስ አቦሏን ይጠጡ በያት።